በር ተዘግቶ የወጣ የጤና ሕግ ዕዳው ለበሽተኛ ነው

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች

ሰላም ለናንተ ይሁን። ባለፈው እትማችሁ የአሜሪካ መንግሥት 43 ቀን ሙሉ ተዘግቶ ስለመክረሙ የወጣውን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ጸሐፊው መጨረሻ ላይ "የሁለት ፓርቲ እልህ ነው" ብሎ ነው ያሰረው። እልህ መኖሩን አልክድም፣ ግን እልህ ብሎ ማለፍ አልተዋጠልኝም፣ ምክንያቱም እዛ ቤት የጤና ሕግ ሲወጣ አንዱ ወገን ሌላውን ደጅ አቁሞ የማውጣቱ ነገር የከረመ በሽታ ነው፣ እኛም እዚህ አዲስ አበባ ሆነን ልናስብበት የሚገባ መሰለኝ። የአሜሪካውን ዓመት በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ የኛን በኛ።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ሲኬድ ባለች ጠባብ መድኃኒት ቤት ነው ስሠራ የኖርኩት። ታናሽ እህቴ ደግሞ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነች፣ ሕፃናት መዋያ ትሠራለች፣ ቀጣሪዋ ኢንሹራንስ ስለማይሰጣት ኦባማ ኬር በሚሉት ሕግ በኩል ራሷ ነች የምትገዛው፣ መንግሥት ይደጉማታል። ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ነው የምትወጋው። በቀደም ማታ የሱቁን መዝጊያ ግማሽ ድረስ አውርጄ የቀኑን ሂሳብ ስቆጥር ደወለች፣ "ጋሼ፣ ከኢንሹራንሱ ደብዳቤ መጥቶልኛል፣ በትክክል ማንበቤን እስቲ አንተም እየው" አለችኝ። ወረቀቱን ካሜራው ላይ አስጠጋችው፣ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ቁጥሩ አልያዝ አለኝ፣ ቀጥ አድርጊው እንጂ እያልኳት በስንት መከራ አነበብኩት። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ የምትከፍለው ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኗል። "ይሄ የዓመት ነው አይደል?" አለችኝ። የወር ነበር። ምን ብዬ እንዳጽናናኋት አሁን አላስታውስም፣ ብቻ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ካልኩሌተሩን እንደያዝኩ ፍሪጁ ውስጥ የተደረደሩትን የኢንሱሊን ብልቃጦች እያየሁ ቆሜ ቀረሁ።

ለምን ጨመረ ብትሉኝ ድጎማው የሚሞትበት ቀን ተጽፎበት ስለነበረ ነው። በ2021 በኮቪዱ ሰሞን ዴሞክራቶች ድጎማውን ከፍ አደረጉት፣ አንድም ሪፐብሊካን ድምፅ አልሰጠበትም፣ በ2022 ደግሞ እስከ 2025 መጨረሻ አራዘሙት፣ አሁንም አንድም ሪፐብሊካን የለበትም፣ ሴኔቱ እኩል ለእኩል ተከፍሎ ምክትል ፕሬዚዳንቷ ካማላ ሃሪስ ነበረች በራሷ ድምፅ የቆረጠችው። እዛ አገር ሴኔት ውስጥ ክርክር አስቁሞ ሕግ ለማሳለፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ100ው 60 ድምፅ ያስፈልጋል፣ ከዚህ የሚያመልጡበት አንድ አቋራጭ አለ፣ ሪኮንሲሊዬሽን ይሉታል፣ የበጀት ጉዳይ ነው ከተባለ በተራ አብላጫ ያልፋል። በዛ መንገድ ስትሄድ ተቃዋሚህን ማነጋገር አያስፈልግህም። ግን መንገዱ ጠባብ ነው፣ ወጪው እንዳይበዛ ቀን ይቆርጡለታል፣ ከበጀት ጋር አይገናኝም የተባለው ነገር ደግሞ ተራግፎ ይወድቃል። የ2022ቱ ሕግ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ፣ ሜዲኬር በሚሉት የመንግሥት የጤና መድን ላይ ላሉ አዛውንቶች ኢንሱሊን በወር ከ35 ዶላር አይበልጥም ተባለ፣ አለፈ። ይሄው ጣሪያ እንደ እህቴ የግል ኢንሹራንስ ላላቸውም ይሁን ሲባል ግን ደንቡ 60 ድምፅ ጠየቀ፣ 57 ተገኘ፣ 7 ሪፐብሊካኖች ጭምር ደግፈውት ሦስት ድምፅ ጎደለውና ወደቀ፣ ከዛ ወዲያ ነገሩ ክፍለ ግዛት በክፍለ ግዛት የተለያየ ሆኖ ቀረ። ሰባት ሰው ከተቃራኒ ወገን የደገፈው ነገር ሌላ ዓይነት ሕግ ውስጥ፣ ከመጀመሪያው አብረው ቁጭ ብለው ቢሠሩት ኖሮ ሦስቱ ድምፅ የት ይጠፋ ነበር እላለሁ፣ እርግጠኛ መሆን አልችልም ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው።

በ2025 ደግሞ ተራው የሪፐብሊካኖች ሆነ፣ በዛችው አቋራጭ ጁላይ ላይ ትልቁን ሕጋቸውን አሳለፉ፣ ሴኔት 51 ለ50፣ የአሁኑ ምክትል ፕሬዚዳንት ቫንስ ቆረጠው። የኮንግረሱ የራሱ የበጀት ቢሮ በዚህ ሕግ ምክንያት በ2034 ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ተጨማሪ ሰው ኢንሹራንስ አልባ ይሆናል ብሎ ገመተ። የድጎማው ማራዘሚያ እዛ ውስጥ አልገባም። ዴሞክራቶቹ በመደበኛው በር የሚገቡበት ስላጡ በጀቱን ያዙ፣ ኦክቶበር 1 መንግሥት ተዘጋ፣ ኖቬምበር 12 ተከፈተ፣ ድጎማው ሳይራዘም። ጸሐፊያችሁ እልህ ያለው ይሄንን ነው።

የማንም ፓርቲ ደጋፊ አይደለሁም፣ ስለዚ ይሄን ክፉ ልማድ አንድ ወገን ላይ ብቻ አልለጥፍም። እንደ መድኃኒት ሰው ግን በጣም የሚያናድደኝ የ2003ቱ ነው። በቡሽ ጊዜ ለአዛውንቶች የመድኃኒት ሽፋን የሚሰጥ ሕግ ይረቀቅ ነበር፣ ነገሩ በጎ ነው። የሁለቱን ምክር ቤቶች ረቂቅ አስታርቆ አንድ የሚያደርግ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ዴሞክራቶችም በስም ተመደቡ፣ ነገር ግን ዋናው ሥራ የሚሠራበት ክፍል እንዲገቡ የተፈቀደላቸው ማክስ ባውከስና ጆን ብሮ የሚባሉ ሁለት ሴናተሮች ብቻ ናቸው። ቶም ዳሽል የሴኔቱ ዴሞክራቶች መሪ ሆኖ፣ የኮሚቴው አባል ሆኖ፣ ውጭ ቀረ። ከታችኛው ምክር ቤት የተመደቡት አንዳቸውም አልገቡም። ከዛ ኖቬምበር 22፣ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ድምፅ መስጠት ተጀመረ፣ በተለምዶ 15 ደቂቃ የሚሰጠው ድምፅ ሦስት ሰዓት ገደማ ክፍት ሆኖ፣ በየወንበሩ እየዞሩ ሰው ሲለማመጡ ነግቶ፣ 220 ለ215 አለፈ። በዛ ሕግ ውስጥ መንግሥት ከመድኃኒት ፋብሪካዎች ጋር ዋጋ እንዳይደራደር የሚከለክል አንቀጽ አለ። እኔ ከአከፋፋይ ጋር በአንድ ካርቶን ሁለት መቶ ብር ለማስቀነስ ግማሽ ቀን የምከራከር ሰው ነኝ፣ የአገሩ ትልቁ ገዢ አፉን እንዲዘጋ በሕግ ሲታዘዝ ማየት አይገባኝም። ያንን አንቀጽ ለመስበር 19 ዓመት ፈጀ፣ የሰበሩትም በ2022 ዴሞክራቶች ለብቻቸው ሆነው ነው፣ ለመጀመሪያዎቹ 10 መድኃኒቶች በድርድር የተቆረጠው ዋጋ የሚጸናው ገና ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ነው። እንግዲህ ለብቻ የታሰረውን ለብቻ ፈቱት፣ ነገ ሌላው መጥቶ ለብቻው እንደማያስረው ማን ዋስ ይሆናል?

ኦባማ ኬር ላይ ሁለቱም የየራሳቸውን ነው የሚተርኩት። ሪፐብሊካኖቹ በላያችን ላይ ጭነውብን ነው ይላሉ፣ እውነት አለው፣ ማርች 21 ቀን 2010 ታችኛው ምክር ቤት 219 ለ212 ሲያሳልፈው አንድም ሪፐብሊካን አልነበረበትም። ዴሞክራቶቹ ደግሞ ስንት ወር ለመንናቸው ይላሉ፣ ይሄም እውነት አለው፣ በ2009 ክረምት ሦስት ከዚህ ሦስት ከዛ ሆነው ስድስት ሴናተሮች ለወራት ተደራድረዋል፣ ኦሊምፒያ ስኖው የምትባል ሪፐብሊካን ኮሚቴ ላይ ደግፋው ነበር፣ በኋላ አዳራሽ ላይ ተወችው። ያኔ የሴኔቱ ሪፐብሊካኖች መሪ የነበረው ሚች ማክኮኔል የኛ የጣት አሻራ እንዳይኖርበት ብለን ተግተን ሠርተናል የሚል ነገር በኋላ ራሱ ተናግሯል። እንግዲህ ሁሌ በር የሚዘጋው አብላጫው ብቻ አይደለም፣ ተጋብዞ አልገባም የሚልም አለ፣ ያም ጥፋት ነው። ጃንዋሪ 2010 ላይ የሟቹ የቴድ ኬኔዲ ወንበር በማሳቹሴትስ ምርጫ ለሪፐብሊካኑ ለስኮት ብራውን ሲሄድ ግን ዴሞክራቶቹ 60ኛውን ድምፅ አጡ፣ ከዛ በኋላ የቀረውን ማሻሻያ በአቋራጩ ጨረሱት። ሕጉ ብዙ ሰው አድኗል፣ እህቴን ጨምሮ። ከዛ ወዲህ ግን ያልተከሰሰበት ያልተጎተተበት ዓመት የለም፣ ታችኛው ምክር ቤት ሊሽሩት ወይ ሊሸራርፉት ከ50 ጊዜ በላይ ድምፅ ሰጥተውበታል፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2012፣ በ2015ና በ2021 ሕልውናው ተሟግቶበታል።

2017 ላይ ደግሞ ሊሽሩት የተነሱት ሪፐብሊካኖች ከሱ የባሰ አደረጉ። ታችኛው ምክር ቤት ረቂቁ አንድ ክፍል ውስጥ ተደብቋል ተብሎ ወሬ ሲወራ ራንድ ፖል የሚባል ሴናተር፣ ያውም የራሳቸው ሰው ሪፐብሊካን፣ ፎቶ ኮፒ ማሽን አስገፍቶ በሩ ላይ ሄዶ ረቂቁን ስጡኝ ኮፒ ላድርግ ብሎ ቆመ፣ አልሰጡትም። ይሄን ቪዲዮ ያኔ አይቼው ነበር፣ በጋሪ ላይ የተጫነች ኮፒ ማሽን ኮሪደር ላይ ስትገፋ። የአገር ሕግ እኮ ነው! ሴኔቱ ደግሞ 13 ወንዶች መርጦ በዝግ አስረቀቀ፣ አንድም ይፋዊ የምስክር መድረክ ሳይካሄድበት። ጆን ማኬይን የጭንቅላት ካንሰር ተገኝቶበት፣ ከዓይኑ በላይ ያለው የቀዶ ጥገና ስፌት ገና ሳይጠግግ መጥቶ፣ ወደ መደበኛው አሠራር እንመለስ፣ ኮሚቴ ይይው፣ ከሌላው ወገን ጋር እንነጋገር ብሎ ለመናቸው። ከሦስት ቀን በኋላ ጁላይ 28 ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ አውራ ጣቱን ወደ ታች አደረገና 49 ለ51 ወደቀ። ከሱ ጋር ሱዛን ኮሊንስና ሊሳ መርካውስኪም ተቃውመውታል፣ ሦስቱም ሪፐብሊካን ሆነው።

ድሮ ግን ሌላም መንገድ ነበራቸው፣ ይሄን የምጽፈው ጸሐፊያችሁ ጨርሶ ስላላነሳው ነው። በ1965 ሜዲኬር ሲወጣ ዴሞክራቶች ታችኛው ምክር ቤት ውስጥ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ነበሩ፣ ማንንም ሳያናግሩ ማሳለፍ ይችሉ ነበር። ረቂቁን የያዘው ኮሚቴ ሰብሳቢ ዊልበር ሚልስ ይባላል፣ ከጎኑ የሚቀመጠው የሪፐብሊካኖቹ ተጠሪ ጆን በርንስ ነው። ዴሞክራቶቹ የሆስፒታል አልጋ የሚከፍል መድን ነበር ያረቀቁት፣ በርንስ ተቃወመና የራሱን አማራጭ አመጣ፣ በፈቃደኝነት የሚገቡበት፣ የሐኪሙንም ክፍያ የሚሸፍን። ሚልስ ምን አደረገ፣ የተቃዋሚውን ሐሳብ ወስዶ ከራሱ ላይ ደረበው። ዛሬ ፓርት ቢ የሚባለው፣ አዛውንት ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የሚከፍልላቸው፣ ከዛ ከተቃዋሚው ወረቀት የተወለደ ነው። የመጨረሻው ድምፅ 307 ለ116 ሆነ፣ 70 ሪፐብሊካኖች ደግፈውት። ይኸው 60 ዓመት ሆነው፣ ፓርት ቢ ሐኪም ይከፍላል።

ይሄ ታሪክ ለኔ የመጽሐፍ ታሪክ ብቻ አይደለም፣ በእድራችን አይቼዋለሁ። የዛሬ ስድስት ዓመት ሰባት ሆነን የእድሩ ኮሚቴ ነበርን፣ እኔ ጸሐፊ ነበርኩ። ለታመመ አባል መታከሚያ የሚሆን በወር 50 ብር ተጨማሪ ይዋጣ የሚል ሐሳብ አመጣን፣ አራታችን ደገፍን፣ ሦስቱ ተቃወሙ። ቅዳሜ ማታ ለሦስቱ ሳንነግር ሊቀመንበሩ ቤት ተሰብስበን ቡና እየጠጣን ደንቡን ጻፍን፣ በኔ እጅ ጽሕፈት ነው የተጻፈው፣ እሁድ ጠዋት ድንኳን ውስጥ አነበብነው፣ ጭብጨባ ነበር፣ አለፈ። አንዲት ቤት ለቤት ልብስ የሚያጥቡ እናት ነበሩ፣ ኩላሊታቸውን ታመው በሳምንት ሁለቴ ዲያሊሲስ ይታጠቡ ነበር፣ ከዛ ገንዘብ ለትራንስፖርትና ለመድኃኒት እንሰጣቸው ጀመር። በዓመቱ የኮሚቴ ምርጫ ሲደርስ ሦስቱ ሰዎች ዘመድ ወዳጃቸውን አስተባብረው አሸነፉ፣ በመጀመሪያው ስብሰባቸው ደንቡን ሻሩት። እኚያ እናት መድኃኒት ቤቱ በር ላይ መጥተው ማዘዣቸውን በፌስታል እንደያዙ "ልጄ፣ ምን አጥፍቼ ነው?" አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስላቸው። ያን ሰሞን በደሞዜ ገዛሁላቸው፣ ግን እስከ መቼ።

በኋላ ከተቃወሙት አንዱን ጋሼ ለምን ነበር የተቃወማችሁት ብዬ በእርጋታ ጠየቅኳቸው። የመንግሥቱን የማኅበረሰብ ጤና መድን ካርድ የያዘ አባል ሁለቴ እየከፈለ ነው፣ ለሱ ግማሽ ይደረግለት ነበር ያልነው አሉኝ። አንድ አንቀጽ ብቻ! ቅዳሜ ማታ ጠርተናቸው ቢሆን በአምስት ደቂቃ የሚገባ አንቀጽ። እሳቸውም "ብትጠሩን እኮ እንፈርም ነበር" አሉኝ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም።

አሁን ወደኛው ልምጣ። ከመድኃኒት ቤቴ ወጥቼ ትንሽ ከተራመድኩ የፓርላማው ሰዓት ይታየኛል። በ2002 ምርጫ ከ547 ወንበር 545ቱን ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ያዙ፣ በ2007 ሁሉንም፣ በ2013 ደግሞ ውጤት ከተገለጸባቸው 436 ወንበሮች 410ሩን ብልፅግና አሸነፈ። ተቃዋሚ ማለት እኛ ጋ ጥቂት እጅ ነው፣ ዜና ላይ "በጥቂት ተቃውሞና በድምፀ ተዓቅቦ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ" ተብሎ በአንድ ትንፋሽ የሚታለፍ። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ 690/2002 ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው? ሠራተኛው ከደሞዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ ያዋጣል ተብሎ በኋላ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተቆረጠ፣ ከዛ ሠራተኛው ከደሞዜ አይቆረጥም ብሎ አጉረመረመ፣ ዛሬ ነገ ሲባል ለዓመታት ተንጠለጠለ። የማኅበረሰብ አቀፉ ግን በ2003 በ13 ወረዳ በሙከራ ተጀምሮ፣ እየታየ እየተስተካከለ፣ ይኸው እኔ ጋ ሰው ካርዱን ይዞ ይመጣል። ሁለቱን የሚለየው ብዙ ነገር ነው፣ አንድ ምክንያት ብቻ አልሰጠውም። ግን 690ን የሚያጉረመርመው ሠራተኛ ያኔ አዳራሹ ውስጥ ድምፅ ያለው ጠበቃ፣ መዋጮው ለዝቅተኛ ደሞዝተኛ እንዳይከብድ ብሎ አንቀጽ የሚያስገባለት ሰው በበቂ ቢኖረው ኖሮ ማጉረምረሙ መንገድ ላይ ሳይሆን ረቂቁ ላይ ያልቅ ነበር ብዬ አምናለሁ።

2018 የምርጫ ዓመት ነው፣ ማን ስንት ወንበር እንደሚይዝ እኔ አልናገርም። የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የጤና ረቂቅ ለቋሚ ኮሚቴው ሲመራ ጥቂቶቹ ተቃዋሚ አባላት የሚያቀርቡት ማሻሻያ በጽሑፍ ይያዝ፣ ኮሚቴው የውሳኔ ሐሳቡን ሲያቀርብ ይሄን ተቀበልን ይሄን በዚህ ምክንያት ትተናል ብሎ አንድ በአንድ ይመልስ፣ ሕዝብ ይስማው። የሐኪሞችና የፋርማሲ ማኅበራት የሚጠሩበት የአስረጂ መድረክ ከድምፁ ሁለት ቀን በፊት መሆኑ ይቅር፣ ረቂቁን አንብበን የምንመጣበት ጊዜ ይሰጠን። ተቃዋሚዎችም ቢሆኑ ስትጠሩ ግቡ፣ ባዶ ወንበር አንቀጽ አያስቀይርም።

ከናንተ ከጋዜጣው ደግሞ የምፈልገው አለ። ቀጥሎ የጤና አዋጅ ሲጸድቅ "በጥቂት ተቃውሞ" ብላችሁ አትለፉት። የተቃወሙት እነማን ናቸው፣ የትኛውን አንቀጽ፣ በምን ምክንያት፣ ሙሉውን አትሙት፣ ገጽ ካነሰ የኔን ደብዳቤ ቆርጣችሁም ቢሆን። እህቴ እስካሁን አልወሰነችም፣ ትናንት ማታ ደውላ ርካሹን ዕቅድ ብወስድ ኢንሱሊኑ ይገባበታል ወይ ብላ የዝርዝሩን ፎቶ ላከችልኝ፣ ዛሬ ሱቁን ስዘጋ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አይላታለሁ።

አክባሪያችሁ
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ